ከጤፍ ያነሰ ጠጠር

ቃሊቲ ለሚኖር ሰው ጠጠር ብርቅ አይደለም። ሌሊት ሲኖትራክ ሲገለብጠው ከእንቅልፋችን እንባንናለን፤ ቀን ብናኙን ከመስኮት ላይ ስንወለውል እንውላለን፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃውን ለመሻገር እየመረጥን የምንረግጠው እርሱኑ ነው። «ስለ ጠጠር ደግሞ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» ቢሉ አልፈርድብዎትም። እኔም እስከ አምና ድረስ እንዲሁ ነበር የማስበው።

ነገሩን ያመጣው የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃችን ነው። መምህራቸው «በአካባቢያችሁ ካለ ወይም ድሮ ከነበረ ነገር አንዱን በሞዴል ሠርታችሁ አምጡ» ብለዋቸው፣ እርሱ የመረጠው የአቃቂን አሮጌ የባቡር ሐዲድ ሆነ። የመረጠበት ምክንያት ባቡር ስለሚወድ ብቻ ነው፤ ሌላ ጥልቅ ምክንያት አልነበረውም።

ለወጣት አንባቢዎቻችን ያህል ጥቂት ልበል። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባ ለመግባት ግን እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጅቶበታል። ለገሃር ከመድረሱ በፊት የሚያልፈው በእኛው በአቃቂ በኩል ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ልክ አንድ ሜትር ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው ምልልስ ተቋረጠ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ደቡባዊ ጫፉን ቃሊቲ ላይ ያደረገው የከተማው ቀላል ባቡር ሌላ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ መስመርም እንዲሁ ሌላ ነው፤ የእርሱ ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ልጄ «ባቡር» ሲል የሚታየውና አያቱ «ባቡር» ሲሉ የሚታያቸው አንድ ነገር አይደለም።

አያቱ ያልኩት የባለቤቴን አባት ነው። የባለቤቴ እናት ወደ ጌታ ከሄዱ በኋላ ከእኛ ጋር መኖር ጀምረዋል። ጠዋት በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሲመሽ ይገባሉ። ሲጠየቁ ይመልሳሉ፤ ከራሳቸው ግን ጨዋታ አይጀምሩም። ባለቤቴ በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ አልቅሳለች። «አመጣናቸው እንጂ አብረናቸው መቼ ኖርን?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከሥራ ደክሜ ስገባ የአባባ ዝምታ አይከብደኝም ነበር። እንዲያውም ይመቸኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሐዲዳችን

አንድ ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሥራ ጀመርን። 60 ሳንቲ ሜትር በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ አገኘን። ለሐዲዱ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የወጣ የመዳብ ሽቦ፣ ሐዲዱን አግድም ለሚሸከሙት ደግሞ የክብሪት እንጨት አዘጋጀን። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያም ጎረቤታችን ለቤት ሥራ ካስገለበጡት ዜሮ አንድ ጠጠር ላይ አስፈቅደን አንድ እፍኝ አመጣንና ኮላ በወፍራሙ ቀብተን ነሰነስንበት።

አባባ ከበረንዳው ተነሥተው መጡና ቆመው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

«የሐዲዱ ጠጠር ነው አባባ» አለ ልጁ።

«ይኼማ ጠጠር አይደለም፤ ናዳ ነው። በዚህ ላይ እንኳን ባቡር ፍየልም አይሄድበት» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

በአንድ ወር ውስጥ ሳይጠየቁ የተናገሩት ረጅሙ ንግግራቸው ይህ ነበር። እኔና ልጁ ተያየን። ትክክል ነበሩ።

ሰው ሲያንስ ድንጋዩም ይነስ

ውድ አንባቢ፣ ሞዴል ሲሠሩ ቤቱ፣ ዛፉ፣ መኪናው ሁሉ አምሮ ሳለ መሬቱ የውሸት የሚመስልብዎት ለምን እንደሆነ አስበው ያውቃሉ? ቤቱን እናሳንሰዋለን፤ ሰውየውን እናሳንሰዋለን፤ ድንጋዩን ግን ከመንገድ አንሥተን እንዳለ እንለጥፈዋለን። ዓይን ይህን ወዲያው ይይዘዋል፤ ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ያውቃል።

በዓለም ላይ የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ስኬል እውነተኛውን ነገር 87 ጊዜ የሚያሳንስ ነው። እኛም እርሱን ያዝን። በዚህ ስኬል ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። አንድ ሜትር የነበረው የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። አሁን እኛ የነሰነስነውን ጠጠር ይመልከቱ። አንድ ሳንቲ ሜትር የምታህል ጠጠር በዚያች ዓለም ውስጥ 87 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቋጥኝ ናት፤ ለዚያ ለ2 ሳንቲ ሜትሩ ሰው ወገቡ ድረስ ትደርሳለች። አባባ ናዳ ያሉት በግምት አልነበረም።

በባቡር ሐዲድ ሥር የሚነጠፈው እውነተኛ ጠጠር በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን ለ87 ሲያካፍሉት ከሚሊ ሜትር ሲሶ ትንሽ አልፎ እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። «ይህን በምን እለካዋለሁ?» ካሉ መለኪያው ከጓዳዎ አለ። አንድ የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ የምንፈልገው ጠጠር ከጤፍ ያነሰ መሆን አለበት ማለት ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ሦስት አራት የጤፍ ፍሬ ይጣሉና ጠጠርዎን ከጎኑ በተን አድርገው ያስተያዩ። ከጤፉ ከበለጠ ይመልሱት።

ልጄ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ጤፉን ራሱን ለምን አንለጥፈውም?» አለ። አይሆንም። ጤፍ ድቡልቡል ነው፤ ለአይጥም ግብዣ ይሆናል። ደግሞም እህል መጫወቻ አይደረግም። የሐዲድ ጠጠር ሆን ተብሎ የሚፈለጠው ስለታም ጠርዝ እንዲኖረውና እርስ በርሱ እንዲያያዝ ነው። ክብደቱን ለመሬቱ ያከፋፍላል፣ ሐዲዱ እንዳይንሸራተት ይይዛል፣ ውኃውንም ያሳልፋል። የወንዝ ድቡልቡል ጠጠር ግን ከሥር ይንከባለላል። ይህ ልዩነት በሞዴሉም ላይ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ የተፈጨ ድንጋይ እንጂ የወንዝ ደለል አይፈልጉ።

አንድ ብርጭቆ ድንጋይ

የት ይገኛል? ግንባታ ባለበት ሁሉ። ባለሙያዎቹ ዜሮ ዜሮ የሚሉት የክሬሸር ብናኝ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ሲፈጭ የሚወጣ ስለሆነ ቀለሙም ጠርዙም ተስማሚ ነው። የሚያስፈልግዎት በጣም ጥቂት ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ንጣፍ አንድ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል። አንድ ብርጭቆ ድንጋይ ለማስፈቀድ የሰው በር ማንኳኳት ሊያሳፍር ይችላል፤ ነገር ግን ልጅዎ አብሮዎት ቆሟልና ያንኳኩ።

የክሬሸር ብናኝ ካጡ የግንባታ አሸዋም ይሆናል፤ ጥቂት ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ከስምጥ ሸለቆ በኩል፣ ከላንጋኖና ከኮካ አካባቢ የሚመጣው አሸዋ በውስጡ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለበት፤ ውኃ ውስጥ ሲጨምሩት ይንሳፈፋል፣ ኮላ ሲያፈሱበትም ቦታውን ይለቃል። አስቀድመው በባልዲ አጥበው የተንሳፈፈውን ይድፉት። ሁለተኛ፣ ከተበላሸ ስፒከር ውስጥ የወጣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልለው በደረቁ አሸዋ ውስጥ ያዟዙሩት። የሚወጣውን ጥቁር ብናኝ ሲያዩ ይገረማሉ! የብረት ማዕድን ነው። ሞተር ያለው የባቡር መጫወቻ የሚያሽከረክሩ ከሆነ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል።

ስለ አቧራው አጥብቄ እናገራለሁ። ነጭ አሸዋና ብዙ ዓይነት ድንጋይ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አላቸው፤ ብናኙን ለዓመታት የሚተነፍሱ የድንጋይ ሠራተኞች ሲሊኮሲስ በሚባል የሳንባ በሽታ ይያዛሉ። የአንድ ቅዳሜ ሥራ እዚያ አያደርስም፤ ቢሆንም ልጅ አቧራ ላይ አቀርቅሮ ሲነፋ ዝም ብሎ ማየት ተገቢ አይደለም። መጀመሪያ ይጠቡት፣ በፀሐይ ያድርቁት፣ ከዚያም ከቤት ውጭ ነፋሱን ከኋላ አድርገው አፍና አፍንጫን ሸፍነው ይንፉት።

መንፋቱ ላይ ነው ባለቤቴ የገባችበት። እኔ የዱቄት ወንፊቷን አንሥቼ ልወጣ ስል በር ላይ ያዘችኝ። «በዚያ ድንጋይ ነፍተህ ነገ ዱቄት ልትነፋበት ነው?» አለች። ባል የሆኑ አንባቢዎቼ ይህን ምክር በነጻ ይውሰዱ፤ የሚስትን ወንፊት ለድንጋይ አይንኩ። የሻይ ማጥለያ ርካሽ ነው፤ ለዚሁ ብቻ የሚሆን አንድ ይግዙ። ባለቤቴ ግን በዚህ አላበቃችም። እኔ በማጥለያው ስንቀጠቀጥ ጥቂት ቆማ አየችኝና አሮጌ ሰፌድ ይዛ መጣች። «ዕድሜዬን ሙሉ ከጤፍ ውስጥ ድንጋይ ስለቅም ኖሬ፣ ዛሬ ደግሞ ከድንጋይ ውስጥ ድንጋይ ልልቀም» ብላ ስትስቅ ከተጋባን ጀምሮ የማውቀውን የድሮ ሳቋን ሰማሁ። አንገዋለለችው፤ ከባዱ ወደ አንድ ወገን፣ ቀላሉ ወደ ሌላው ወገን ተለየ። እኔ በአንድ ሰዓት ያልጨረስኩትን እርሷ በአሥር ደቂቃ ጨረሰችው።

በመጨረሻ ሦስት ክምር ይኖርዎታል። በሻይ ማጥለያ የማያልፈው ለወንዝ ዳርና ለገደል ቋጥኝ ይሆናል። በማጥለያው አልፎ በአሮጌ ስቶኪንግ የማያልፈው የሐዲድ ጠጠርዎ ነው። በስቶኪንጉ የሚያልፈው ዱቄት ደግሞ የእግር መንገድና የጣቢያው ግቢ አፈር ይሆናል። ሦስቱንም ያስቀምጡ፤ በአንድ ዓይነት ጠጠር ብቻ የተሸፈነ መሬት የተፈጥሮ አይመስልም።

ማጣበቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኛ መጀመሪያ ያደረግነውን አያድርጉ፤ ማለትም ኮላ ቀብተው ጠጠሩን ከላይ አይነስንሱ። እንዲያ ሲሆን የታችኛው ብቻ ይይዝና ቀሪው ሲያነሡት ይረግፋል። ሐዲዱንና የክብሪት እንጨቶቹን አስቀድመው ያጣብቁ። አንድ ክብሪት ከሁለት ተቆርጦ ለሁለት ይሆናል፤ ጫፉ ላይ ያለውን ባሩድ ግን እርስዎ ራስዎ ቆርጠው ይጣሉ፣ ለልጅ አይተዉ። ከዚያ ጠጠሩን ደረቁን በማንኪያ አፍስሰው በለስላሳ ብሩሽ ያስተካክሉት። ጠጠሩ በእንጨቶቹ መካከል ይሙላ፤ ከእንጨቶቹ በላይ ግን አይውጣ። ከሁለቱም ወገን ወደ ውጭ ቀስ ብሎ ይንሸራተት። በዚህ ደረጃ አይቸኩሉ፤ እንጨቱ ላይ የቀረችው እያንዳንዷ ፍሬ ከደረቀች በኋላ ታስታውቃለች።

ቀጥሎ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ ላርጎ ጨምረው በመስታወት ማጽጃ መርጫ ከፍ አድርገው እንደ ጉም ይርጩት፤ እስኪርስ ድረስ። ላርጎው ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። ንጹሕ ውኃ በደረቅ አቧራ ላይ ሲወድቅ እንደ ዶቃ ይንከባለላል፣ ጠጠሩንም ይዞት ይሄድና ጉድጓድ ያበጃል። ሳሙናው ያንን የውኃ መሰብሰብ ያላላውና ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። መሬቱ እርጥብ ሳለ አንድ እጅ ነጭ ኮላ በሁለት ወይም በሦስት እጅ ውኃ አቅጥነው፣ ከፋርማሲ በተገዛ መርፌ አልባ ስሪንጅ ጠብታ በጠብታ ያፍሱበት። ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ሲያዩ «አበላሸሁት!» ብለው አይደንግጡ፤ ሲደርቅ ይጠራል። በበጋ አንድ ቀን ይበቃዋል። እኛ የሠራነው በሐምሌ ስለነበረ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ልጁም በየሰዓቱ በጣቱ እየነካ አንድ ጥግ አበላሽቷል።

ቦርዱ ካርቶን ከሆነ በውኃው ይጣመማል። ቢያንስ ኮምፔንሳቶ ይሁን።

በነገራችን ላይ፣ የልጆች አገልግሎት መምህራን ለሆናችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። የመገናኛውን ድንኳን ሞዴል ሠርታችሁ ከሥሩ አረንጓዴ ወረቀት የምታነጥፉ አላችሁ። በዘፀአት 27 ላይ አደባባዩ 100 ክንድ በ50 ክንድ ነው። አንዱን ክንድ 45 ሳንቲ ሜትር ብንል፣ 100 ጊዜ ስታሳንሱት 45 ሳንቲ ሜትር በ22 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ለአንድ ጠረጴዛ ልክ ነው። በዙሪያው የሚቆመው መጋረጃ ቁመቱ 5 ክንድ ነውና 2 ሳንቲ ሜትር ከሩብ ይሆናል። የደቡብ ሲና ተራሮች ቀላ ያሉ የግራናይት ተራሮች ናቸው። ከቢሾፍቱ አካባቢ የሚመጣውን ቀይ አሸዋ ፈጭታችሁ ነጣ ካለ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ብትነፉት ሕፃናቱ በረሃውን በዓይናቸው ያዩታል። ከመግቢያው እስከ መሠዊያው ያለውን ደግሞ በደቃቁ ዱቄት አልብሱት፤ ብዙ እግር የረገጠው መንገድ ነውና።

ቀለሙ

ወደ አቃቂ ልመለስ። ጠጠሩ ደርቆ ጸድቶ ሲታይ በጣም ቆንጆ ሆነ፤ እንደ አዲስ ቤት ግቢ አንድ ዓይነት ግራጫ። ልጁ ይዞት በረንዳ ወጣ። አባባ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ጠጠሩስ ጠጠር ሆኗል» አሉ፤ «ግን ባቡር አላለፈበትም።»

ልክ ነበሩ። ሐዲድ ባለበት ሁሉ ጠጠሩ ከብረቱ በሚረግፈው ዝገት ይቡናል፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ደግሞ ከባቡሩ የሚንጠባጠበው ዘይት ያጠቁረዋል። የአሮጌው መስመር አግዳሚዎች ብረት ስለነበሩ እነርሱም ዝገት ይዘዋል። ይህን ለመሥራት ውድ ቀለም አያስፈልግም። ቡናማ የውኃ ቀለም በብዙ ውኃ አቅጥነው በሐዲዱ ግራና ቀኝ በብሩሽ ያስኪዱት። ለዘይቱ ጥቁሩን፣ በመሐል ብቻ፣ ያውም በስሱ። ከጨመሩት መመለስ አይቻልምና በተረፈ ጠጠር ላይ አስቀድመው ይሞክሩ። ለአፈሩ የቡና አተላ በደንብ አድርቀው ቢነሰንሱ ያምራል፤ እርጥበት ካለው ግን ይሻግታል። ደረቅ ሣር ለማብቀል ከጭድ የተፈጨ ጥቂት ብናኝ በቂ ነው።

እኔ ብሩሹን ለልጁ ሰጠሁት፤ ልጁ ለአያቱ ሰጣቸው። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ለዚህ ሥራ ግን ደኅና ነው፤ ዝገት ቀጥ ብሎ አይወርድም። ከእራት በፊት ጀምረው ከእራት በኋላም አልተነሡም። የባቡሩ ሞተር ቆሞ የሚጠብቅበትን ቦታ በጣም አጠቆሩት። ፉርጎዎቹ የሚቆሙበትን ዘለሉት። «እዚህ አይንጠባጠብም፤ ሞተር የለማ» አሉ። ልጁ ጠየቀ፤ መለሱለት። እንደገና ጠየቀ፤ ሳይጨርስ መለሱለት። ባለቤቴ ሰሃን እያጠበች ውኃውን ዘግታ ታዳምጥ ነበር።

ከዚያ ከሐዲዱ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ቦታ መርጠው ደቃቁን ዱቄት ደጋግመው ነሰነሱባት፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ የቆሙባት እንድትመስል። ልጁ «እዚህ ጋ ምንድን ነው አባባ?» አላቸው።

መልሱን የሰጡት ወደ ባለቤቴ ዞረው ነው። «እናትሽ ከድሬዳዋ ስትመጣ የወረደችው እዚህ ጋ ነው። ባቡሩ ዘግይቶ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቆሜ ጠበቅኋት።»

ባለቤቴ እናቷ በባቡር እንደመጡ አታውቅም ነበር። በዚያ ምሽት የተኛነው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

ሞዴሉ ትምህርት ቤት ደርሶ ተመልሷል። አንድ ጥጉ በመንገድ ተሰብሮ ነበር፤ አባባ ራሳቸው ጠገኑት። እርስዎም ሲያጓጉዙት በሁለት እጅ ከሥር ይያዙ፤ ቤት ውስጥ ሲያስቀምጡት በግልጽ ፕላስቲክ ይሸፍኑት፤ የእኛ ሰፈር አቧራ ስኬል አያውቅም። የተረፈው ጠጠር በኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ በረንዳው ጥግ ተቀምጧል። አባባ ክዳኑ ላይ በእጃቸው «የአቃቂ» ብለው ጽፈውበታል።